ከሰሉ ላይ የወደቀችው ቆሎ

ባለፈው እሁድ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ ከቆሎው ሰሃን አንዲት የገብስ ፍሬ አምልጣ ከሰሉ ላይ ወደቀች። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ጠቆረች፣ ጭስ ቢጤ አወጣች፣ ብልጭ ብላ ነደደችና አመድ ሆነች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እህቶቿን እየቆረጠምኩ ነበር።

ነገሩን ሳስበው ገረመኝ። እሳት ውስጥ የገባችውም ሆድ ውስጥ የገቡትም መጨረሻቸው አንድ ነው። በውስጣቸው ያለው ስታርች ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፤ ጉልበት ይለቀቃል። የሚለቀቀው የጉልበት መጠን እንኳ እኩል ነው። በእሳትም ሄደ በሆድ፣ ሂሳቡ ያው ነው። ታዲያ ያቺ ስትነድ እኔ ለምን አልነደድኩም?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1782 መገባደጃና በ1783 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወቅት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ላቯዚዬ ከጓደኛው ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ጥንቸል መሳይ ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጣት። በሰውነቷ ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደሚቀልጥ መዘነ። የምታወጣውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ። ከዚያ ከሰል አንድዶ ሁለቱን አስተያየ። መደምደሚያው «መተንፈስ ቀስ ብሎ መንደድ ነው» የሚል ነበር። ሰውየውን በ1794 የፈረንሳይ አብዮተኞች አንገቱን ቆረጡት፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። አንድ ነገር ብቻ ስቷል። መንደዱ የሚካሄደው ሳንባ ውስጥ ይመስለው ነበር።

ሳንባ ውስጥ ምንም አይነድም። ሳንባ በር ነው። ዋናው ሥራ ያለው በትሪሊዮን በሚቆጠሩት ህዋሶቻችን ውስጥ ነው፤ በአውራ ጣታችሁ ጡንቻ፣ በጉበታችሁ፣ ይህን በሚያነበው ዓይናችሁ። ቋንቋችን አየር ማስገባቱንም፣ ህዋስ ውስጥ የሚካሄደውንም «ትንፈሳ» ስለሚለው ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ስለ ዝርዝር ገንዘብ እናውራ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ 200 ብር አውጥታችሁ ለረዳቱ ስትሰጡት ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ገንዘብ የላችሁም ማለት አይደለም። ያላችሁ ገንዘብ ለዚያች ሥራ አይሆንም። ግሉኮስ፣ ማለትም ስታርቹ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚሆነው ስኳር፣ ልክ እንደዚያ ድፍን ብር ነው። ጡንቻ ለመሸምቀቅ፣ ነርቭ መልእክት ለማስተላለፍ የምትፈልገው ግን ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ኤቲፒ ይባላል። ካርል ሎማን የተባለ ጀርመናዊ በ1929 ጡንቻ ውስጥ ያገኘው ነው። ሦስት ፎስፌቶች እንደ ጅራት የተቀጠሉበት ሞለኪውል ነው። የመጨረሻው ፎስፌት ሲነሳለት ሥራ የሚያሠራ ጉልበት ይገኛል። ጅራቱ ያጠረው ኤቲፒ ደግሞ ተመልሶ ይቀጠልለታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። በአንድ ጊዜ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ኤቲፒ በሙሉ ቢመዘን ሩብ ኪሎ አይሞላም። በቀን ውስጥ ሠርታችሁ የምታጠፉት ግን የራሳችሁን ክብደት ያህል ይሆናል። ያቺው አንዲት ሳንቲም በቀን በመቶዎች ጊዜ ትዞራለች ማለት ነው። ሰውነት ስብ ያጠራቅማል፣ ስታርች መሳይ ግላይኮጅን ያጠራቅማል፤ ሳንቲም ግን አያጠራቅምም። ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው ለዚህ ነው። ምግብማ ሞልቷል፤ ከማንኛችንም ላይ ለሳምንታት የሚበቃ ነዳጅ አይጠፋም። የሚያልቀው ዝርዝሩ ነው። አንጎል ደግሞ ከክብደታችን 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ብቻውን ስለሚወስድ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

ድፍኑ እንዴት ይዘረዘራል? መንደድ ማለት ሲገለጥ የኤሌክትሮን፣ ማለትም አቶም ውስጥ ያለችው ኤሌክትሪክ የተሸከመች ቅንጣት፣ ጉዞ ነው። ግሉኮስ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደተቀመጡ ቁጠሩት። ኦክስጅን ታች ሆኖ አጥብቆ ይስባቸዋል። ከሰሉ ላይ የወደቀችው ቆሎ ኤሌክትሮኖቿ ከሦስተኛ ፎቅ እንደዘለለ ሰው በአንዴ ወረዱ፤ ጉልበቱ ሙቀትና ብርሃን ሆኖ ባከነ። እኔ የበላኋቸው ግን በደረጃ ነው የሚወርዱት። ከፎቁ እስከ ምድር ያለው ርቀት አልተለወጠም። በየደረጃው ላይ ግን ጉልበቱን የሚቀበል ሠራተኛ ቆሟል።

የመጀመሪያው ደረጃ ግላይኮሊሲስ ይባላል። ስድስት ካርቦን ያለው ግሉኮስ ኢንዛይም በሚባሉ አሥር ሠራተኛ ፕሮቲኖች እጅ አልፎ ሦስት ሦስት ካርቦን ወዳላቸው ሁለት ፒሩቬቶች ይሰነጠቃል። ትርፉ ሁለት ኤቲፒ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ኦክስጅን አይጠይቅም፣ ፈጣንም ነው። ቀይ የደም ህዋሶቻችን የሚኖሩት በዚህ ብቻ ነው። ቀን ከሌት ኦክስጅን ተሸክመው ይዞራሉ፤ ለራሳቸው ግን አንዲት አይነኩም።

ከዚያ ፒሩቬቱ ሚቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የህዋስ ጓዳዎች ይገባል። አንዱን ካርቦን በር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ጥሎ ነው የሚገባው። የቀረው ሁለት ካርቦን አራት ካርቦን ካለው ነገር ጋር ተጣምሮ ሲትሬት ይሆናል። የሎሚ አሲድ እንደማለት ነው። ከዚያ ዙሪያውን ይዞራል። በዙሩ ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በመጨረሻ ያው አራት ካርቦን ተመልሶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ይህን ዙር ያገኘው ሃንስ ክሬብስ ነው። አይሁዳዊ ስለነበር በ1933 ከናዚ ጀርመን ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሐኪም ነው። በ1937 ግኝቱን «ኔቸር» ለተባለው ታዋቂ መጽሔት ቢልክ ቦታ የለንም ተብሎ ተመለሰለት። ሌላ መጽሔት ላይ አወጣው። በ1953 ኖቤል ተሸለመበት። ጽሑፋቸው የተመለሰባቸው ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም።

ታዲያ ዙሩ ራሱ በቀጥታ የሚያወጣው ዝርዝር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋናው ምርቱ ሌላ ነው። በየእርምጃው ከምግቡ ላይ ኤሌክትሮን እየተነቀለ ኤንኤዲ በሚባሉ ጋሪዎች ላይ ይጫናል። ጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው። የጫኑትን አራግፈው ካልተመለሱ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህን ያዙልኝ፤ ቆይቶ ወደ እንጀራ ሊጥ ይወስደናል።

ማራገፊያው ያለው የሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ተጣጥፎ የታጨቀ ነው። በላዩ ላይ ፕሮቲኖች ተደርድረዋል። ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለች ትወርዳለች። በወረደች ቁጥር ፕሮቲኖቹ ጉልበቷን ተጠቅመው ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ ሃይድሮጅን፣ ከሽፋኑ ውስጠኛ ጎን ወደ ውጪኛው ይገፋሉ። መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ቆሟል። የደከመችውን ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ሁለት ፕሮቶን ይጨምርባታል፣ ውሃ ይሆናል። የኦክስጅን ሥራ ይኼው ነው። ምግቡን አያቃጥልም፤ ከምግቡ ጋር እንኳ ፊት ለፊት አይገናኝም። የደረጃው ግርጌ ላይ ሆኖ መቀበል ብቻ።

ስለዚህ «ኦክስጅን እናስገባለን፣ እሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል» የምንለው ስህተት ነው። የምታስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀደም ሲል ከዙሩ የወጣው ነው፤ ካርቦኑ ከቆሎው የመጣ። አሁን የሳባችሁት ኦክስጅን ግን ውሃ ነው የሚሆነው። በቀን አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ እዚያው ህዋሳችሁ ውስጥ ታመርታላችሁ።

የተገፉት ፕሮቶኖችስ? ለረጅም ጊዜ ሰዉ ሁሉ ጉልበቱን ወደ ኤቲፒ የሚያሸጋግር አንድ የተሰወረ ኬሚካል ይፈልግ ነበር። ፒተር ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ በ1961 «የምትፈልጉት ኬሚካል የለም፤ ነገሩ ግድብ ነው» አለ። በዚህ ቃል አላለውም፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነበር። ፕሮቶኖቹ ከሽፋኑ አንድ ጎን ተጠራቅመው እንደ ግድብ ውሃ መመለሻ ይፈልጋሉ። ክፍተቱ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ተርባይን አለ። ብዙዎች ሳቁበት። እሱ ኮርንዋል በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር አንድ አሮጌ ቤት አሳድሶ እዚያው የግል ቤተ ሙከራ ከፈተና ሥራውን ቀጠለ። በ1978 ብቻውን ኖቤል ወሰደ።

ተርባይን ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በእርግጥ ይሽከረከራል። ኤቲፒ ሲንቴዝ ይባላል። ፕሮቶን ሲያልፍበት ዘንጉ ይዞራል፤ አንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይገጣጥማል። በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በ1997 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዘንጉ ላይ የሚያበራ ቀጭን ክር አስረው በማይክሮስኮፕ ሲሽከረከር አዩት። በዚያው ዓመት አሠራሩን ያስረዱት ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ከኖቤሉ ድርሻ አገኙ። ግድቡም ቀላል አይደለም። በሽፋኑ ሁለት ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት 150 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከእጅ ባትሪ ድንጋይ አንድ አሥረኛ። ሽፋኑ ግን እጅግ ቀጭን ስለሆነ ለአንድ ሜትር ቢሰላ 30 ሚሊዮን ቮልት አካባቢ ይደርሳል። የሕዳሴ ግድብን ተርባይን ለማየት ጉባ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ይኼኛው ከቀይ የደም ህዋስ በቀር በየህዋሳችሁ ውስጥ በብዙ ሺህ እየዞረ ነው።

እኔ ስማር «ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል» ተብለን ነው የሸመደድነው። ፈተና ላይ 38 ካልጻፍክ ኤክስ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከ30 እስከ 32 ነው የሚባለው። ሽፋኑ ትንሽ ያፈሳል፣ ኤቲፒውን ወደ ውጪ ማጓጓዝም ዋጋ ያስከፍላል። የቀረው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱም ከንቱ አይደለም፤ 37 ዲግሪ ላይ የምንቆየው በእሱ ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው እንደ ድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ይሞቃል። የትንሣኤ ሌሊት ጢም ብሎ በሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋቢው ለምን እንደሚከብድ ገባችሁ?

አሁን ወደ ጋሪዎቹ እንመለስ። ኦክስጅን ከሌለ ማራገፊያው ይዘጋል። ጋሪዎቹ እንደተጫኑ ይቆማሉ። ግላይኮሊሲስም ባዶ ጋሪ ስለሚያጣ ይቆማል። መፍትሔው ጭነቱን ሌላ ቦታ መድፋት ነው። የት? ራሱ ፒሩቬቱ ላይ።

የጤፍ ሊጥ ውስጥ የሚሆነው ይኼ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጭነታቸውን ፒሩቬቱ ላይ ሲደፉ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ ኩምጣጤው ከዚያ ነው። ፈንገስ የሆኑት የእርሾ ህዋሶች ደግሞ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርጉታል። ሁለት ሦስት ቀን የተቀመጠ ቡሃቃ ከድናችሁ ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ የተደረደረው አረፋ፣ ቢጫው ውሃ፣ አፍንጫ የሚነካው ሽታ ሁሉ የተራገፈ ጭነት ነው። አብሲቱ ሲጨመርበት እርሾዎቹ በቀላሉ የሚበሉት የበሰለ ስታርች ያገኛሉ፤ ሊጡ እንደገና ኩፍ ይላል። ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙ በእንፋሎት ታጅቦ ያመልጣል፤ ያመለጠበት ቀዳዳ የእንጀራ ዓይን ሆኖ ይቀራል። አልኮሉማ ምጣዱ ላይ ተኖ ይጠፋል።

ጠላ ሲሆን ግን የምንፈልገው አልኮሉን ነው። እናቶቻችን የጋኑን አፍ ግጥም አድርገው የሚመርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አየር ከገባ ኦክስጅን የሚጠቀሙ ሌሎች ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ባዮኬሚስትሪ ሳይማሩ ያወቁት ነገር ነው።

የእኛም ጡንቻ ይህን ያውቅበታል። ሲድኒ፣ መስከረም 2000፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ትዝ ይላችኋል? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት። ኃይሌ ሩጫውን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ነው የጨረሰው። አብዛኛውን ያን ጊዜ የሮጠው በሚቶኮንድሪያ ነው። የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ግን እግሩ የጠየቀው ኤቲፒ ልብና ሳንባው ኦክስጅን ከሚያደርሱበት ፍጥነት በላይ ነበር። ያን ጊዜ ግላይኮሊሲስ በሙሉ ኃይሉ ይገባል፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ፈጣን ነውና። ጋሪዎቹ በፒሩቬቱ ላይ ይራገፋሉ፤ ላክቴት ይሆናል። ማራቶንን በዚህ መንገድ መሮጥ አይቻልም፤ ያቺን የመጨረሻ ቀጥታ መስመር ግን ይቻላል።

ጂም ውስጥ «እግሬ አሲድ ሞልቶት ነው ያመመኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለማግስቱ ሕመም ግን ጥፋተኛው አሲዱ አይደለም። ላክቴቱ ስፖርቱ ካለቀ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከጡንቻው ይጸዳል፤ ልብ ራሱ እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፣ ጉበትም መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስጠላው ጡንቻው ላይ በደረሱ ጥቃቅን ጉዳቶች ምክንያት ነው።

ስለ ኦክስጅን ካነሳን አይቀር ከሰሉን ሳላነሳ አላልፍም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ያነሰው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ስለዚህ ደሙ ይዞራል፣ ሳንባው አየር ያስገባል፣ ህዋሶቹ ግን ኦክስጅን አይደርሳቸውም። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። በክረምት ሌሊት ለሙቀት ብለው ምድጃ ያስገቡ ሰዎችን ሳይነቁ የሚያስቀራቸው ይኼ ነው። ሳያናይድ የሚባለው መርዝ ደግሞ ሌላ ቦታ ይመታል። ኤሌክትሮን ለኦክስጅን የምታስረክበውን የመጨረሻውን ፕሮቲን ነው የሚዘጋው። ደሙ በኦክስጅን እንደተሞላ፣ ቀይ እንደሆነ፣ ህዋሱ ታፍኖ ይሞታል።

አንድ ሌላ ጉድ ልጨምር። ግድቡን መሸንቆርም ይቻላል። አራስ ሕፃን ትከሻና ጀርባው ላይ ቡናማ ስብ አለው። እዚያ ፕሮቶኖቹ ተርባይኑን ሳይነኩ በጎን ይመለሳሉ፤ ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ሕፃን ሳይንቀጠቀጥ የሚሞቀው በዚህ ነው። ሰው ደግሞ ይህን በመድኃኒት ሊሠራው ሞከረ። ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል ሽፋኑን ያስፈሰዋል፤ ምግቡ ይቃጠላል፣ ኤቲፒ ግን አይመጣም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማክሻ ተብሎ ተሸጠ። ያከሳል፣ እውነት ነው። ግን ሙቀቱን የሚያቆም ነገር የለም፤ ሰዎች በትኩሳት እየተንገበገቡ ሞቱ። በ1938 ታገደ። ዛሬም በኢንተርኔት በድብቅ የሚሸጡት አሉ። አትንኩት።

መክሳት ከተነሳ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ጥያቄ አለ። ሰው ሲከሳ ስቡ የት ይሄዳል? «ጉልበት ሆነ» ይላሉ። ቁስ እንዲህ በዋዛ ጉልበት አይሆንም። «በላብ ወጣ» ይላሉ። ዋናው መልስ ይህም አይደለም። ጾም ላይ ጉበት ውስጥ ያለው የግላይኮጅን ክምችት፣ መቶ ግራም ገደማ፣ ሲመናመን ሰውነት በብዛት ወደ ስብ ይዞራል። ስቡም ሁለት ሁለት ካርቦን እየሆነ እየተቆራረጠ እዚያው ክሬብስ ዙር ውስጥ ይገባል፤ እንደ ቆሎው። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሂሳቡን አስልተውት ነበር። 10 ኪሎ ስብ ሲጠፋ 8.4 ኪሎው በአፍንጫና በአፍ፣ በትንፋሽ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ሮጣችሁ ስትመለሱ ሚዛኑ ላይ የጎደለችው ኪሎ ግን በአብዛኛው ላብ ናት፤ ውሃ ስትጠጡ ትመለሳለች።